የአውራ ዶሮው የይለፍ ወረቀት

በጣሊያን ጊዜ በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ቀና ሳልል ቀልድ እጽፍ ነበር። ክንዴ እስኪዝል፣ እርሳሱ አልቆ ጥፍሬ ወረቀቱን እስኪፍቀው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር እስኪጠፋ ድረስ እጽፍ ነበር። ይህን የተናገርኩት ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ካዛንችስ ከአንድ ኬክ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። አንዲት ተማሪ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ ማለቴ... ቀልድ የሚጽፉ ሰዎች በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚጽፉት?» አለችኝ። ለትምህርት ቤታቸው ጋዜጣ ነው። ሁለት ኬክ ጋብዛኛለች። ሁለት ኬክ ለጋበዘ ሰው «ሩብ ሰዓት» ብሎ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ስምንት አልኳት፤ እሷም አመነችኝና «ስምንት» ብላ ጻፈች።

አጠገቤ ጋሽ በላቸው ተቀምጧል። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ከባቡር ጣቢያ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኔ ስዋሽ አጠገቤ መገኘት ሆኗል። ስምንት ሰዓት ስል ሲሰማ ሻዩን ፉት አለ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ኩኩሉ» አለ። ጆሮዬ ጋለ። ይህ ሰው ይህን ድምፅ ለምን እንደሚያሰማ ከኔና ከሱ በቀር በዚህ ከተማ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ልጽፈው ነው፤ ግን እንዳትቸኩሉብኝ፣ በመንገዴ ልምጣ።

ከኬክ ቤቱ ጎን አንዱን አሮጌ ቤት አፍርሰው አዲስ ግንብ ያቆማሉ። ካፊያ ነገር ጣለና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በረንዳው ድረስ መጣ። ሰው ልጅነቱን በእናቱ ወጥ ሽታ ያስታውሳል ይባላል። የኔ ወጣትነት የሚሸተው ሲሚንቶና ኖራ ነው። እዚሁ፣ ልክ እዚሁ ሰፈር፣ ጣሊያን ለሠራተኞቹ እነዚያን ግቢያቸው ሰፋ ያለ፣ መስኮታቸው ዘርዛራ ቤቶች ሲሠራ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ባሬላ ተሸካሚ ነበርኩ። ባሬላ ማለት ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚሸከመው የእንጨት ቃሬዛ ነው፤ ሬሳ ሳይሆን ጭቃ ይጫንበታል እንጂ ክብደቱስ ያው ነው። ካዛንችስን ብቻዬን ተሸክሜ አቆምኩት ብል ውሸት ነው፤ ግማሹን ግን ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ ከነዚያ ቤቶች በአንዱ በር ላይ ቡጌንቪላ ተንጠልጥሎ፣ ልጃገረዶች ከሥሩ ፎቶግራፍ ሲነሡ ሳይ «ልጆች፣ ያ ግድግዳ የኔ ትከሻ ነው» ልላቸው ይቃጣኛል። ባለቤቴ ክንዴን ትይዘኛለች።

የቀን ክፍያችን አምስት ሊሬ ነበር። በግማሽ ሊሬ አንድ ትኩስ ፉርኖ ይገኛል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ድምፁ እስከ ኦሎምፒያ ይሰማል፤ ማለቴ ዛሬ ኦሎምፒያ እስከምንለው፣ ያን ጊዜ ሣርና ቁራ ብቻ ነበረበት። ጠገራ ብር ያለው ሰው ወለሉን ቆፍሮ ይቀብረዋል፤ ሊሬ ያለው ሰው እስኪመሽ ያጠፋዋል። ስለ ልብስ ከተነሣ እኔ አንድ ካፖርት ነበረኝ። ከአንድ ግሪክ ልብስ ሰፊ በር ላይ የተገዛ፣ ቡናማ፣ ሱፍ፣ እኔን የመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ሊያስገባ የሚችል። የመጀመሪያ ጌታው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን በጣም ትልቅና በጣም ደስተኛ ሰው መሆን አለበት፤ ኪሱ ውስጥ ሁለት የወይን ጠርሙስ ቡሽ አግኝቻለሁ። ያንን ካፖርት በፀሐይም በዝናብም ለብሼው እዞር ነበር። ከኋላ ሲያዩኝ ሹም፣ ከፊት ሲያዩኝ ሹሙን የዘረፈ ሌባ እመስል ነበር።

አሁን ስለ ጽሕፈቱ። ቀን በስድስት ሰዓት ካቦው ፊሽካ ይነፋል፤ ለምሳ ግማሽ ሰዓት እናርፋለን። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቱ አራት ድርብ ነው፤ ውጪው ይቆሽሻል፣ የውስጠኛው ግን ንጹሕ ነው፣ እንደ ብራና ይንኮሻኮሻል። እሱን ቀድጄ፣ ከአናጢው ያቺን ጠፍጣፋ እርሳስ ተውሼ፣ ከመወጣጫው ሥር ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ከግማሹ ሰዓት ዐሥሩን ደቂቃ ስበላ፣ አምስቱን ከጎረቤቴ ቃርያ ስለምን፣ የቀረውን ስጽፍ። ያ ነው እንግዲህ፤ በቀን ሩብ ሰዓት። ስምንት ሰዓቱ ከየት መጣ ትሉኝ እንደሆን፣ እሱም እውነት ነው፤ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በፈቃዴ አይደለም።

የምጽፈው ለጋሽ በላቸው ነበር። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ወደ ባቡሩ ሐዲድ በሚወስደው መንገድ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ጠጅ ቤት ነበራቸው። ሰፊ ግቢ፣ ዝቅ ያለ ጣራ፣ የግንድ አግዳሚ፤ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቤቱ ይሞላል፤ ከዚያ ሰዓት እላፊው ስለሚመጣ ሁሉም ብርሌውን ጨልጦ ይበተናል። መሰንቆ ይመታል፤ የሐዲድ ሠራተኞች ብረት ሲያነሡ የሚሉትን ዜማ ያንኑ ግጥሙን ለውጠው ይዘፍኑታል። ከፍ ብሎ ካለው ከጣሊያኖቹ ቡና ቤት ደግሞ የሸክላ ዘፈን ነፋስ እያመጣ ይደባልቅብናል፤ አንድ የሚያለቅስ ወንድ ነው የሚዘፍነው፣ ምን እንደሆነበት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያ መሐል በላቸው ይነሣል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ሲበዛ ቁም ነገረኛ። አንድ ባርኔጣ አለው። ሲደፋው ሹም ነው፣ ሲያወልቀው ባላገር ነው፤ ብቻውን ሁለት ሰው ሆኖ ይከራከራል። እሱ እንደ ሹሙ ፊቱን ሲያኮሳትር የሳቀ ሰው፣ እንደ ባላገሩ ሲለማመጥ ደግሞ ትንፋሹን ሰብስቦ የባሰ ይስቃል። ያን ጊዜ ሳቅ እንደ ጨው ነበር። ብዙ ቤት ጠፍቶ ነበር። በየቤቱ ያልተለቀሰለት ሰው ነበር። እትዬ አስካለ አንድ ቀን፣ «እናንተ ልጆች፣ በሳምንት አንዴ የሰዉን ጥርስ ካላየሁ ጠጄ ይኮመጥጣል» ብለውን ነበር፤ እኛም የጠጁን ነገር አደራ ተቀበልን።

እኔ የምኖረው በእትዬ አስካለ ግቢ ጀርባ፣ ከዶሮ ቤታቸው ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ነው። ዶሮ ቤቱ ከኔ ክፍል ይሻላል። ጣሊያን የመኪና ሞተር ያመጣበት ትልቅ ሳጥን ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዶሮና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይኖሩበታል። እንቁላሉን እትዬ አስካለ ካዛንችስ ላሉ የጣሊያን ሴቶች ይሸጡታል፤ እያንዳንዱን እንደ ልጃቸው በስም ያውቁታል ብል ብዙ አላጋነንኩም። አውራ ዶሮው ግን ያስቸግራል። ሰዓት እላፊው የሚያበቃው ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሲሆን እሱ በዐሥር ሰዓት ይጀምራል። አንድ ሌሊት ራሴን ትራስ ውስጥ ቀብሬ፣ «አንተ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሽንቱን ለመሽናት ሲፈራ አንተን ማን ፈቅዶልህ ነው?» አልኩት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሩብ ሰዓት፣ ተጻፈ።

በላቸው እሑድ ባርኔጣውን ይዞ ተነሣ። ባላገሩ ለአውራ ዶሮው የይለፍ ወረቀት ሊያወጣ ቢሮ ሄዷል።

«ስም?» አለ ሹሙ።

«አውራ ዶሮ፣ ጌታዬ።»

«የአባት ስም?»

«አውራ ዶሮ።»

«የአያት?»

«እንቁላል ሳይሆን አይቀርም ጌታዬ፣ አላጣራሁም።»

«ሥራ?»

«ሰው መቀስቀስ።»

«በሰዓት እላፊ ለምን ይጮሃል?»

«ሰዓት የለውማ ጌታዬ! ሰዓት ቢኖረው እኔ አስይዤ እጠጣበት ነበር።»

«ሁለት ፎቶግራፍ ይዘህ ና።»

«በፊት ለፊት ነው በጎን?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ሐዲድ ጠባቂ ሳቁ አልወጣ ብሎት ጀርባውን ደበደብነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ወደ ጓዳ ሮጡ። እኔ ጥግ ላይ በካፖርቴ ውስጥ ተሸሽጌ፣ እንደ ልማዴ ማንም ሳያውቀኝ፣ በየሳቁ ልክ አንድ ጣት እያጠፍኩ እቆጥር ነበር። ሁለት እጄ አልበቃኝም። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የማናውቀው ሰው ግን አልሳቀም፤ ብርሌውን ሳይጨርስ ሄደ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የጣሊያን ፖሊሶች በላቸውን ከሥራው ወሰዱት።

እኔ ባሬላ ተሸክሜ ሳለሁ ነው የነገሩኝ። «ያን ነገር ማን ጻፈልህ?» እያሉ ነው አሉ። «እኔው ነኝ» ብሏል አሉ። በላቸው እንኳን ሊጽፍ ስሙን ሲፈርም ምላሱን የሚያወጣ ሰው ነው። ካዛንችስ ባለው ግቢያቸው ውስጥ አንድ ካሚዮን ትቆማለች፤ ማክሰኞም ሐሙስም ሰው ጭና ትሄዳለች። በዚያች ካሚዮን የሄዱትን ዛሬም፣ ይኸው በዚህ ዕድሜያቸው፣ በር ከፍተው የሚጠብቁ እናቶች አሉ። በላቸው የሦስት ሳምንት ሙሽራ ነበር። ሚስቱ ጥሩነሽ ገና እጇ ላይ ያለው እንሶስላ አልለቀቀም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ስናገረው የኖርኩት እንዲህ ነው። ነገሩን ሁለት ቀን አሰብኩበት። ማክሰኞ ካሚዮኗ በላቸውን አልጫነችም፤ ሐሙስ ግን ትመለሳለች። ረቡዕ ጠዋት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ካፖርቴን ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ከቂርቆስ ተነሥቼ ካዛንችስ ገባሁ። ለዘበኛው «የዶሮውን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ዘበኛው ዕብድ መስዬው ሊያባርረኝ ነበር፤ ሁለተኛ ስናገር አስገባኝ።

ክፍሉ አዲስ ነው፤ ወለሉ ገና በደንብ አልደረቀም፤ ምናልባት እኔው የተሸከምኩት ሲሚንቶ ይሆናል። ከጠረጴዛው ኋላ ማሬሻሎው፣ ማለትም የፖሊሶቹ አለቃ፣ ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ዐይኑ ያበጠ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው። ከጎኑ አስተርጓሚው አቶ ፍሥሐ ቆመዋል፤ ክራባት ያሰሩ፣ ጸጉራቸውን በቅባት ያስተኙ፣ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ። ማሬሻሎው ተናገረ፤ አቶ ፍሥሐ ወደኔ ዞሩ።

«አውራ ዶሮው ማነው ይሉሃል።»

«ዶሮ ነው።»

«ዶሮ መሆኑን ያውቃሉ። ማነው ነው የሚሉህ።»

«የእትዬ አስካለ ዶሮ ነው። ቀይ ነው። አንድ ጥፍሩ ተሰብሯል።»

ይህም ተተረጎመ። ማሬሻሎው አልሳቀም። ጎሕ የሚቀድድ፣ ሰው የሚቀሰቅስ፣ በሰዓት እላፊ ዝም የማይል፤ ይህ ተራ ዶሮ አይደለም አለ። ከጫካ ያለ ሰው ነው ወይስ ከባሕር ማዶ ያለ? ለካስ ያን ያህል ጥሩ ጽፌ ኖሯል! እኔኮ እንቅልፍ ያጣሁበትን ዶሮ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ ብዕር፣ ቀለምና በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን እንደ ወተት የነጣ ወረቀት። ትእዛዙ፣ ሰዎቹ የት የት ቦታ እንደሳቁና ለምን እንደሳቁ በዝርዝር ጽፈህ አስረዳ የሚል ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርኩ።

ቀልድ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው አንድ ገጽ ነበር። «ዶሮ የአያት ስም የለውም፤ ስለዚህ ያስቃል።» አቶ ፍሥሐ ተረጎሙት። ማሬሻሎው ቀደደው። ሁለተኛው ሦስት ገጽ ሆነ፤ ስለ ዶሮ ተፈጥሮ፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ሰው ሆድ መጻፍ ጀመርኩ። ተቀደደ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሰው ለምን እንደሚስቅ ከአዳም ጀምሬ ነበር። ባብራራሁት ቁጥር ወንጀል እየመሰለ ሄደ። እኔ ራሴ ያነበብኩት እንደሆነ ራሴን አስሬ አልለቅም ነበር። ማሬሻሎው ለምሳ ሲወጣ አቶ ፍሥሐ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ወንድሜ፣ አሳጥረው። ሲረዝም ጥፋት ይመስላል» አሉኝ። ከዚያም ሰኞ በላቸው ሲያዝ ከኪሱ የተገኘችውን የመጀመሪያይቱን የከረጢት ወረቀት፣ ያቺን የሩብ ሰዓቷን፣ ከመዝገቡ ውስጥ አውጥተው ለብቻቸው አነበቡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሐረባቸውን ነክሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። በዚያ ቤት በዚያ ቀን የሳቀልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ሊጠቅመኝ የማይችለው ብቸኛ ሰውም እሳቸው ነበሩ።

እስከ ዐሥር ሰዓት ጻፍኩ። ቁጠሩት፤ ከሁለት እስከ ዐሥር። ስምንት ሰዓት፣ ቀና ሳልል። በዐሥር ሰዓት በላቸውን ከጓዳ አመጡት። ከንፈሩ አብጧል፤ ሸሚዙ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት አለ፤ ሁለት ሌሊት ባዶ ወለል ላይ ነው የተኛው። እኔን ሲያይ፣ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ፤ እንደ ሹም ነው ያለው፣ ባርኔጣው ባይኖርም። ማሬሻሎው ሰዓቱን አየ። በመስኮቱ የካሚዮኗ ጣራ ይታያል፤ አንዱ ጎማዋን ይነፋል። ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ አለ፤ የዚህ ነገር ሳቁ የት ነው? ካልታየኝ ነገ ሁለቱም ይጫናሉ።

እኔም፣ እንደምናገረው ከሆነ፣ ብዕሬን አነሣሁና በአንድ መስመር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አውራ ዶሮው ከነገ ጀምሮ በሰዓቱ እንዲጮህ መክሬዋለሁ፤ እንቢ ካለ ግን እንድንበላው ይፈቀድልን።» አቶ ፍሥሐ ተረጎሙት። የማሬሻሎው ሆድ ተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዕንባው ወረደ። ወረቀቱን ሁሉ ጠራርጎ ወለሉ ላይ ጣለና በሩን በእጁ አሳየን። በላቸውና እኔ በእግራችን ወጥተን በእግራችን ቂርቆስ ገባን።

ቤት ስንደርስ እትዬ አስካለ ግቢው ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው ወጥመድ ያጠምዱ ነበር። በላቸውን ሲያዩ ወጥመዱን ጥለው እልልታውን አቀለጡት፤ ጥሩነሽ ከጓዳ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ አስካለም እየሳቁ እያለቀሱ፣ «እናንተ ስትጠፉ ሸለምጥማጥ ገብቶብኝ! በሁለት ቀን ሰባት እንቁላል! ቅርፊቱን እንኳ እንዴት አድርጎ እንደደበቀው!» አሉ። በዚያ እሑድ ቤቱ ከወትሮው እጥፍ ሞላ። በላቸው ባርኔጣውን ይዞ ተነሣና፣ እኔ ወደተቀመጥኩበት ጥግ እያየ አንድ ጊዜ «ኩኩሉ!» አለ። ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ። ጠጁም አልኮመጠጠም።

ታሪኩ ይህ ነው፤ በሠርግ፣ በማኅበር፣ በፀጉር ቤት ስናገረው የኖርኩት። ለተማሪዋም ባለፈው ቅዳሜ እስከዚህ ድረስ ነገርኳት። ልጅቱ እጇ እስኪዝል ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ በቃ ያቺ አንድ መስመር ናት ያዳነቻችሁ?» አለችኝ። አጠያየቋ የዋህ ነው። እኔም አዎን ልል አፌን ስከፍት ጋሽ በላቸው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ተካ።»

«አቤት ጋሽ በላቸው።»

«እኔ ሰባ ልደፍን ምን ቀረኝ? አንተ እስከ ፋሲካ እውነቱን ለሰዉ ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ። እኔ ስነግር ደግሞ እጨምርበታለሁ።»

እሱ ሲጨምር አውቀዋለሁ። ለራሴ ስል ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያ መስመር አልተጻፈም። ከዓመታት በኋላ ነው የመጣልኝ፣ ገላዬን ስታጠብ። ሁለት ቀን አሰብኩበት ያልኳችሁም ውሸት ነው፤ ተደብቄ ነበር። ሰኞ ወሬውን እንደሰማሁ ባሬላውን ጣልኩ፣ በጓሮ ዞሬ የእትዬ አስካለን ዶሮ ቤት ከፍቼ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ ገብቼ ከቆጡ ሥር ተኛሁ። ሁለት ሌሊት። ዐሥራ ሁለት ዶሮ ከላይ፣ እኔ ከታች። አውራ ዶሮው በዐሥር ሰዓት በጆሮዬ ይጮሃል፤ እኔም ዝም በል አልለውም፣ ፈርቼው። ረቡዕ ሲነጋጋ በሳጥኑ ስንጥቅ የጥሩነሽ ልቅሶ መጣ። ግቢው ውስጥ ቆማ ነው የምታለቅሰው። እትዬ አስካለ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ተካ አለ አይደል? ከሰኞ ጀምሮ ያልታየው እዚያው በር ላይ ቆሞ እየተሟገተ ነው የሚሆነው። ያ ልጅ ጓደኛውን ጥሎ አይበላም» ሲሉ ሰማሁ። አፌ ውስጥ ጥሬ እንቁላል ነበረ። ዋጥኩት፤ መውጣትም ነበረብኝ፣ ወጣሁ። እነሱ ወደ ቤት እስኪገቡ ጠብቄ ነው የወጣሁት፤ ይህንንም ልጨምር።

ማሬሻሎው የሳቀውም በጽሑፌ አይደለም። ብዕሩ ከእጄ ወደቀ፤ ላነሣው ስዞር ጀርባዬን አየ። ከአንገቴ እስከ ተረከዜ ሁለት ሌሊት የተጠራቀመ የዶሮ ኩስና ላባ። ምንድነው ብሎ ጠየቀ። አቶ ፍሥሐ ቀስ ብለው፣ «ይህ ምንድነው ወንድሜ?» አሉኝ። ውሸት ፈለግሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አላገኘሁም። «ዶሮው ቤት ተደብቄ ነበር» አልኩ። ዶሮው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሳቀ፤ ሌሎቹንም ጠርቶ አሳየ፣ ሦስት ጊዜ አዞረኝና በሩን አሳየን። አቶ ፍሥሐ ግን አልሳቁም። ያንን ሲነክሱት የዋሉትን መሐረብ አውጥተው በሩ ላይ ጀርባዬን ጠረጉልኝ፤ መሐረቡንም እዚያው ጣሉት። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ ባሉበት ይድላቸው።

በላቸው እስከ ቂርቆስ መገንጠያ ድረስ ከኋላ ከኋላዬ መጣ። መገንጠያው ላይ ቆመ።

«ስንት ሌሊት?»

«ሁለት።»

«ይበርዳል?»

«ዶሮዎቹ ያሞቃሉ።»

«እኔ ጋ ሲሚንቶ ነው» አለ። ፊቱን አየሁት፤ የሚመታኝ መሰለኝ። ከዚያ «ኩኩሉ» አለ፤ ሳቀ፣ ያበጠ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እያለቀስኩ። «በል ይህንን ጻፈው» አለኝ። ከአውራ ዶሮው ይልቅ ይህ እንደሚያስቅ እሱ ወዲያው ነው የገባው። እኔ ግን የሹሙን፣ የባላገሩን፣ የካቦውን፣ የአማቴን ጉድ ሁሉ ስጽፍ ይህን ዘለልኩት። በላቸውም ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠበቀኝ፤ አልፎ አልፎ ይጮሃል እንጂ።

ተማሪዋ ሰምታ ስትጨርስ «ስምንት» ያለችውን ሰረዘችና፣ «ታዲያ ስንት ልበል?» አለች። ሩብ ሰዓት በያት አልኳት፤ ይህን ለመጻፍ ግን ሠላሳ ዓመት ከሩብ ሰዓት ወስዶብኛል። እየሳቀች ጻፈች። ሦስተኛ ኬክም አዘዘችልኝ፤ ሳላጋንን ያገኘሁት የመጀመሪያው ኬክ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። እትዬ አስካለ በሕይወት አሉ፤ ያው ቂርቆስ፣ ያው ግቢ፣ ጠጁን ትተው ዶሮውን ይዘዋል። ባለፈው ለገና ልጠይቃቸው ስሄድ ያቺን የዛገች ወጥመድ ዛሬም ከዶሮ ቤቱ በር ላይ አየኋት። ይህን ጽሑፍ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለችና እዚሁ ልናገር። እትዬ አስካለ፣ ወጥመዱን ያንሡት። ሸለምጥማጥ አልገባም ነበር። ሰባቱንም እንቁላል ጥሬውን የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ቅርፊቱን በካፖርቴ ኪስ ይዤው ወጣሁ።